ስክሪንሾቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ለምን የእኔ አልሆነም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለው ጌም ላይ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ እንዴት እንደቀረቡ በአማርኛ ሰፋ ያለ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጌሙን በገንዘቤ ነው የገዛሁት። በራሴ ኮምፒዩተር ስክሪንሾት አነሳሁና አንድ ነጻ የምስል ማከማቻ ላይ ጫንኳቸው። «የራሴ ሥራ» የሚለውን መርጬ፣ ማንም እንዲጠቀምባቸው ብዬ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቅኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ተሰረዙ። ምክንያቱ «የቅጂ መብት ጥሰት» ይላል። ምኑን ነው የጣስኩት? ጽሑፌን ያለ ምስል ላውጣው? ወይስ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ልለጥፋቸው?

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ልብህን አሳርፍ። «የቅጂ መብት ጥሰት» የሚለው ነገር ሲሰሙት ከበድ ይላል እንጂ ማንም ሌባ አላለህም። እንዲህ ያሉ ማከማቻዎችን የሚጠብቁ ሰዎች ያንተን ዓይነት ምስል በየጊዜው ያጋጥማቸዋል። አብዛኛው የሚጫነው በቅንነት ነው። ቅጹ «የራሴ ሥራ» የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ አንተም በገዛ እጅህ ያነሳኸው ስለሆነ እሱን መረጥክ። ያለ ነው።

ችግሩ ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። «ቁልፉን ማን ተጫነ?» አይልም። «በምስሉ ላይ የሚታየውን ማን ፈጠረው?» ነው የሚለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብተህ አንድ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ብታባዛ ደራሲው አትሆንም። ስክሪንሾትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጌሙን ምኒልክ ፊት የቀረጹት፣ ልብሱን ያለበሱት፣ ብርሃኑን ያስተካከሉት የፊራክሲስ ስቱዲዮ ባለሙያዎች ናቸው። መብቱም ያለው ከስቱዲዮውና ከባለቤቱ ከቴክ-ቱ ኩባንያ ዘንድ ነው። አንተ የወሰድከው የእነሱን ፈጠራ ቅጂ ነው።

«በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ» የሚለውን ብዙ ሰው ያነሳዋል። የገዛኸው የመጫወት ፈቃድ ነው። ጌሙን ስትጭን «እስማማለሁ» ብለህ ያለፍከው ረጅም ጽሑፍ ይህንኑ ይናገራል። (ማንም አያነበውም። እኔም የማነበው ስለሚከፈለኝ ነው።) መጽሐፍ የገዛ ሰው ወረቀቱን እንጂ ድርሰቱን እንደማይገዛው ሁሉ፣ እዚህም ምስሎቹን ለሌላ ሰው የማስተላለፍ መብት ከጌሙ ጋር አብሮ አልተሸጠልህም።

አሁን ልትከራከረኝ ትችላለህ። «ከተማውን የመሠረትኩት እኔ፣ ሠራዊቱን ያሰለፍኩት እኔ። ያ ትዕይንት እኔ ባልጫወት አይኖርም ነበር» ትላለህ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል። ስክራምብል የሚባል የኮናሚ የአርኬድ ጌም ነበር። አሜሪካ ውስጥ መብቱን የያዘው ስተርን ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሌላ ድርጅት ጌሙን አስመስሎ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ሲከሰስ ምን አለ? «ተጫዋቹ በተጫወተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚታየው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ጥበቃ የሚደረግለት ቋሚ ሥራ የለም» አለ። ኒውዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ይህን አልተቀበለም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ተጫዋቹ ቅደም ተከተሉን ይቀያይረው እንጂ ያው መንኮራኩር፣ ያው መልክአ ምድር፣ ያው ድምፅ በየጨዋታው ተመልሶ ይመጣል አለ። ከዚያ ወዲህ ጌም ስክሪን ላይ የሚያሳየው ነገር ልክ እንደ ፊልም የድምፅና ምስል ሥራ ሆኖ ይጠበቃል። ማን ተጫወተው የሚለው ባለቤትነቱን አይቀይረውም።

ማይንክራፍትን በመሰሉ ጌሞች ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። እዚያ ከባዶ የነደፍከው ሕንፃ የራስህ ፈጠራ ሊሆን ይችላል። ያኔም ግን ምስሉ ሁለት ባለቤት ይኖረዋል እንጂ የመጀመሪያው አይጠፋም።

እኔ ማንኛውም ምስል ሲመጣልኝ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ምስሉን ንብርብር በንብርብር እለየዋለሁ። በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ «ይህን ማን ሠራው? መቼ?» እላለሁ። ያንተን እንየው።

ከሥር ያሉት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ናቸው። በ1913 ያረፉ ንጉሥ ናቸው፤ በታሪካቸውና በመልካቸው ላይ የቅጂ መብት ያለው የለም። ቀጥሎ የጥንት ፎቶዎቻቸው አሉ። እነዚህ ካሜራ ፊት ቀርበው የተነሷቸው ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ሥራ የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ የኢትዮጵያው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ደግሞ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የታተሙት ፎቶዎች ከጥበቃ ወጥተዋል። ከሁሉም በላይ ያለው ንብርብር የጌሙ ምኒልክ ነው። እሱ በሐምሌ 2020 የወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል አካል ነው። አዲስ የተቀረጸ፣ የሚንቀሳቀስና የሚናገር ገጸ ባሕርይ ነው። ጥበቃው እሱ ላይ ነው ያረፈው።

ጌሙ ውስጥ ከአለት የሚፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን አይተኸዋል መቼም። ላሊበላ 800 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የማንም የቅጂ መብት የለበትም። ያን ቤተ ክርስቲያን ያሳነሰው የጌሙ ሥዕል ግን የ2020 ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በድርጅት የተሠራ ሥራ ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃል። እስከ 2115 መጨረሻ ማለት ነው። «ያረጀ ጌምስ?» እንዳትለኝ፤ በ1980 የወጣው ፓክ-ማን እንኳ ገና እስከ 2075 መጨረሻ ይቆያል። ጌሙ ከገበያ ወጣ፣ ኩባንያው ፈረሰ፣ ጠያቂ የለውም የሚባለው ነገር በሕግ ቦታ የለውም። መብቱን የገዛ ወይም የወረሰ አንድ ሰው የሆነ ቦታ አለ።

እዚህ ላይ ደስ የሚለውን ልንገርህ። ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጹን ነው። ሐሳቡንና ደንቡን አይደለም። ጌሙ ለኢትዮጵያ ምን ችሎታ እንደሰጣት፣ ምኒልክ በአማርኛ እንደሚናገር፣ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ለተጫዋቹ ምን እንደሚጠቅመው፣ ቀደም ብሎ ደግሞ በ2012 በወጣው የሲቪላይዜሽን 5 ማስፋፊያ ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው እንደቀረቡ፣ ይህን ሁሉ በራስህ ቃል ጻፍ። መተንተንም መተቸትም ትችላለህ፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው የለም። የጽሑፍህ ዋናው ሥጋም ይኸው ነው።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በ2001 የተቋቋመ ድርጅት ነው። ፈቃዶቹ ባለመብቱ «ይህን ያህሉን ያለ ጥያቄ ተጠቀሙበት» የሚልባቸው ዝግጁ ውሎች ናቸው። ልብ በል፤ ውል ነው፣ ተዋዋዩም ባለመብቱ ነው። አንተ ከሳጥኑ ውስጥ ፈቃድ መምረጥህ ያልነበረህን መብት አልሰጠህም፤ ስለዚህ ለሌላም ልታስተላልፈው አልቻልክም። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚ ምስሉን ነጻ ነው ብሎ አምኖ ያትመዋል፤ በሦስተኛው ዓመት የባለቤቱ ጠበቃ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ማከማቻዎቹ ቶሎ የሚሰርዙት ይህን ሰው አስበው ነው። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ማብራሪያቸው ግን ለጀማሪ ትንሽ ደረቅ ይልበታል።

ከነጻ ማከማቻዎች ሁሉ ትልቁ በ2004 የተከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ነው። የእሱ ደንብ ለሌሎቹም መለኪያ ሆኗል። ምስሉን ማንም ሰው፣ ለማንኛውም ዓላማ፣ ለንግድም ቢሆን፣ ቀይሮም ጭምር ሊጠቀምበት መቻል አለበት። ስለዚህ ከክሪኤቲቭ ኮመንስ (በአጭሩ ሲሲ) ፈቃዶች መካከል «ስም ጥቀስ» የሚለው ሲሲ ባይ፣ «ስም ጥቀስ፣ የቀየርከውንም በዚሁ ፈቃድ አጋራ» የሚለው ሲሲ ባይ-ኤስኤ፣ ሁሉንም መብት የሚተወው ሲሲ ዜሮ ይገባሉ። «ለንግድ አይሁን» ወይም «አትቀይሩት» የሚል ሐረግ ያለበት ክሪኤቲቭ ኮመንስ ቢሆንም እንኳ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚል ማኅተም ስላለበት ብቻ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

«እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ እኮ የጌም ስክሪንሾት ሞልቷል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። እነዚያ ግን ኮመንስ ላይ አይደሉም የተቀመጡት። ዊኪፔዲያንና ኮመንስን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2007 ባወጣው ውሳኔ እያንዳንዱ ቋንቋ ነጻ ላልሆነ ምስል ጠባብ የሆነ የራሱን ልዩ ደንብ እንዲያወጣ ፈቅዷል። እንግሊዝኛው አውጥቷል። አንድ የሽፋን ምስልና ጥቂት ስክሪንሾት ይፈቅዳል፤ ምስሉ አነስ ብሎ፣ በጥቅሉ ከ100,000 ፒክሰል ሳይበልጥ፣ ለምን እንዳስፈለገ በጽሑፍ ተብራርቶ። ጀርመንኛውና ስፓኒሽኛው ይህን በር ዘግተውታል። የእነሱን የጌም ገጾች ብታይ አርማ፣ የኮንሶል (የጌም ማጫወቻ መሣሪያ) ፎቶ፣ የጌም ሠሪው ሰው ፎቶ ነው የምታገኘው።

አንድ ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ፤ የኩባንያዎች ቸርነት። ኔንቴንዶ በኅዳር 2018 መመሪያ አውጥቶ ሰዎች የጌሞቹን ቪዲዮና ምስል በታወቁ መድረኮች ላይ የራሳቸውን ነገር ጨምረው እንዲያጋሩ ፈቅዷል። ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ የአጠቃቀም ደንብ አለው። ደግ ነገር ነው፤ ዩቲዩብ ላይ እየተጫወቱ የሚለቁ ልጆች የሚተነፍሱት በዚህ ነው። ነገር ግን ይህ «አንከስህም» ከማለት ብዙም አይዘልም። ኩባንያው ነገ ሊቀይረው ይችላል። ሁሉንም አጠቃቀም አይሸፍንም። አንተም ለሌላ ሰው ልታስተላልፈው አትችልም። ነጻ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ አይመለስም፤ ይሄኛው ግን ይመለሳል። ኩባንያው ለአንተ ዓይኑን ስለጨፈነ ምስሉ ለሁሉም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም።

ምስል ፍለጋ ስትወጣ የሚጠብቁህን ወጥመዶችም ላሳይህ። አንደኛው ለጋዜጠኞች የሚዘጋጀው የምስል ጥቅል ነው። ኩባንያዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ የሚያምሩ ስክሪንሾቶችን «ለሚዲያ» ብለው ያስቀምጣሉ። ስለ ጌሙ ዘገባ ለመሥራት ተጠቀምበት፤ ነጻ ማከማቻ ላይ ግን አይሄድም፣ ማንም እንዲቀይረው ወይም እንዲሸጠው አልተፈቀደምና። ሌላው የደጋፊዎች ዊኪ ነው። ፋንደም ላይ ባሉ ገጾች ግርጌ የሲሲ ባይ-ኤስኤ ምልክት ታያለህ። እሱ በጥቅሉ ስለ ጽሑፉ ነው የሚናገረው፤ ምስሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የጌሙ ኩባንያ ናቸው።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ግን ከሁሉም ይብሳል። ዩቲዩብ ቪዲዮን በሲሲ ባይ ፈቃድ የመልቀቅ አማራጭ አለው። አንድ ተጫዋች የሁለት ሰዓት ጨዋታውን ቀርጾ፣ ያንን አማራጭ ተጭኖ ይለቀዋል። ሌላው መጥቶ «ፈቃድ አለው» ብሎ ከቪዲዮው ምስል ይቆርጣል። ልብሱን አጥቦ አዲስ አስመሰለው እንጂ ምስሉ ያው የኩባንያው ነው። የኮመንስ ሰዎች ይህን ፈቃድ ማጠብ ይሉታል፤ ሲያገኙትም ይሰርዙታል። በአንጻሩ ጌም ሠሪው ኩባንያ ራሱ፣ በራሱ ቻናል፣ ማስታወቂያ ቪዲዮውን በሲሲ ባይ ከለቀቀው ያ ወርቅ ነው። ከዚያ የሚቆረጥ ምስል ሕጋዊ ነው፤ ኮመንስ ላይ በዚህ መንገድ የገቡ ስክሪንሾቶች አሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ስታገኝ ዛሬውኑ ማስረጃ ያዝ። ገጹን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አስቀምጥ። ኩባንያው ነገ ምርጫውን ቢቀይረው የሰጠው ፈቃድ አይሻርም፤ ማስረጃ ከሌለህ ግን ማን ያምንሃል?

የጉግልን የፈቃድ ማጣሪያም እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰደው። ገጹ ስለ ራሱ የተናገረውን ነው የሚደግመው።

ታዲያ ምን ታድርግ? ለአንተ ጽሑፍ መልሱ በጣም ቅርብ ነው። ፍሪሲቭ የሚባል ጌም አለ። በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሦስት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች በ1995 ጀመሩት፤ በ1996 መጀመሪያ የመጀመሪያው እትም ወጣ። የሲቪላይዜሽንን ሐሳብ ወስደው፣ ኮዱንም ሥዕሉንም ራሳቸው እንደገና ሠሩት። ሐሳብና ደንብ የማንም ንብረት አይደለም ያልኩህ በተግባር ይህ ነው። ጌሙ የተለቀቀው ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረውና እንዲያጋራው በሚፈቅደው የሶፍትዌር ፈቃድ፣ በጂፒኤል ነው። ከሚመረጡት ብዙ አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አለች። የዚህን ጌም ስክሪንሾት አንሳ፣ ምንጩንና ፈቃዱን ጻፍ፣ ነጻ ማከማቻ ላይ ጫነው። ማንም አይነካህም። ጽሑፍህ ውስጥም የራሱ ቦታ አለው፤ ያው የጨዋታ ዓይነት በነጻ ሠሪዎች እጅ ምን መልክ እንደያዘ ታሳይበታለህ። ሥዕሉ እንደ ፊራክሲሱ አያምርም፤ አልዋሽህም።

የሚያምር ከፈለግህ ዜሮ ኤዲን ተመልከት። ዋይልድፋየር ጌምስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ የሚሠራው የጥንት ዘመን የጦርነት ጌም ነው። ኮዱ በጂፒኤል፣ ሥዕሉ በሲሲ ባይ-ኤስኤ 3.0 ነው የተለቀቀው። ከ2018 ጀምሮ ኩሾች ገብተውበታል፤ የሜሮዌ ጎረቤቶቻችን። አፍሪካ በጌም ውስጥ ስለምትታይበት መንገድ የምትጽፍ ከሆነ ምስሉ ከጽሑፉ ጋር ይሄዳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ኮዱ ነጻ ነው» ማለት «ሥዕሉ ነጻ ነው» ማለት አይደለም። ዱም የሚባለውን ዝነኛ ጌም ውሰድ። ኮዱ በ1997 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ1999 በጂፒኤል ሆነ። ጭራቆቹ፣ ግድግዳዎቹ፣ የጦር መሣሪያዎቹ ሥዕል ግን እስከ ዛሬ የኩባንያው ናቸው። ለዚህም ነው ሌሎች ሰዎች ፍሪዱም የሚል ስብስብ የጀመሩት፤ እያንዳንዱን ሥዕልና ድምፅ ከባዶ ሠርተው በነጻ ሰጡ። በዚያው የዱም ኮድ ላይ ፍሪዱምን ጭነህ ብታነሳ ምስሉ ነጻ ነው። የድሮውን ሥዕል ጭነህ ብታነሳ አይደለም። ኮዱ አንድ ሆኖ ፍርዱ የተለያየው ካሜራው የሚያየው ሥዕሉን ስለሆነ ነው።

አልፎ አልፎ ኩባንያ ራሱ በሩን ይከፍታል። ግሊች የሚባል የኦንላይን ጌም በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። ሠሪው ታይኒ ስፔክ፣ በኋላ የሥራ መልእክት መለዋወጫውን ስላክን የሠራው ኩባንያ፣ በ2013 የጌሙን ሥዕሎች በሲሲ ዜሮ ለዓለም ሰጠ። እንዲህ ዓይነቱን ደግነት ከትልልቆቹ አትጠብቅ።

ከትንንሾቹ ግን ጠይቅ። ይህን በቁም ነገር ነው የምልህ። አዲስ አበባ ያለውን ቅኔ ጌምስን ውሰድ፤ ዶሮዋ የምትሮጥበትን ኩኩሉን የሠሩት እነሱ ናቸው። ስለ አገር ውስጥ ጌሞች የምትጽፍ ከሆነ ለእንዲህ ያለ ስቱዲዮ ኢሜይል መላክ ምን ያስከፍልሃል? ስለ ሥራቸው በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ ጥሩ ስክሪንሾት በነጻ ፈቃድ መልቀቅ ለእነሱም ማስታወቂያ ነው። ደብዳቤህ አጭር ይሁን። «ምስላችሁን ልጠቀም?» ብለህ አትጠይቅ፤ «አዎ» ቢሉህ ለአንተ ብቻ ነው የፈቀዱት። «ለዊኪፔዲያ ብቻ» የሚል ፈቃድም ኮመንስ ላይ አይሠራም። ይልቁንስ የትኛው ምስል እንደሆነ ለይተህ ጻፍ፣ የፈቃዱን ሙሉ ስምና ቁጥር ጥቀስ፣ ለንግድ መጠቀምንና መቀየርን እንደሚጨምር በግልጽ ንገራቸው። ይህን ደብቀህ ፈቃድ ብታገኝ በኋላ ቅያሜ ነው የሚያተርፍልህ። የሚስማሙ ከሆነ ማረጋገጫውን ከድርጅታቸው የኢሜይል አድራሻ ራሳቸው ለኮመንስ የፈቃድ ተቀባይ ቡድን ይልካሉ። አንተ «ነግረውኛል» ብለህ ብትጽፍ አይበቃም።

ከስክሪኑ ውጭም ብዙ አለ። ኮንሶል ዕቃ ነው፤ ፎቶውን አንተ ካነሳኸው የራስህ ነው። ኢቫን አሞስ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ከድሮዎቹ እስከ አዲሶቹ ያሉ ኮንሶሎችን በነጭ መደብ ላይ እያነሳ ለሕዝብ ሰጥቷል። ስለ ኮንሶል የተጻፈ ነገር ካነበብክ ፎቶውን ማየትህ አይቀርም። ሰፈርህ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ልጆቹ ሲጫወቱ ብታነሳ፣ እነሱንም አስፈቅደህ፣ ምስሉ ያንተ ነው። ቴሌቪዥኑ ከጀርባ በትንሹ ቢታይ ችግር የለውም፤ ስክሪኑ ሙሉውን ምስል ከያዘው ግን ወደ ስክሪንሾት ተመለስን። ላንተ ጽሑፍ ደግሞ የዐፄ ምኒልክ የጥንት ፎቶ አለ። የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶም በነጻ ፈቃድ በብዛት አለ። ጌሙ ምን ወስዶ ምን እንደቀየረ ለማሳየት ከዋናው ይጀመራል፤ አንባቢህ ሁለቱን በቃልህ ያነጻጽራል።

ስክሪንሾት ስታነሳ ስክሪኑን ሙሉ አድርገህ ጌሙን ብቻ አንሳ። የዊንዶውስ ግርጌ፣ የቻት ሳጥን፣ የሌላ ተጫዋች የፊት ፎቶ ከገባ ሌላ ባለመብት ጎተትክ ማለት ነው። ስትለጥፈውም የሥራውን ስም፣ የሠሪውን ስም፣ የተገኘበትን ቦታና ፈቃዱን ጻፍ። «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ባለቤቱን እንዳልፈለግህ ማስረጃ ነው።

ምናልባት «በኤአይ ላሠራውስ?» ብለህ ይሆናል፤ ዘንድሮ የማይጠይቀኝ የለም። የኔንቴንዶን ማሪዮ በኤአይ ብታሥለው ማሪዮ የኔንቴንዶ መሆኑ አይቀርም። አለቀ።

አሁን ቴሌግራምህ። እዚህ ጥያቄው ይቀየራል። ነጻ ማከማቻ ላይ ስትጭን ለዓለም ፈቃድ እየሰጠህ ነው። ቻናልህ ላይ ስትለጥፍ ግን አንተ ራስህ ብቻ ነህ የምትጠቀመው። ለዚህ ሕጉ ቀዳዳ ትቷል። የኢትዮጵያው አዋጅ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ አጠቃቀሙ መልካም ልማድን የተከተለ፣ ከዓላማው ያልበለጠ፣ ምንጩና የሠሪው ስም የተጠቀሰ እስከሆነ ድረስ። አሜሪካ ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚባል ሰፋ ያለ መመዘኛ አላት፤ አራት ነጥቦችን ታያለች፦ የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የተወሰደውን መጠን፣ በባለቤቱ ገበያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። እስራኤል በ2007 ባወጣችው ሕግ ተመሳሳዩን አስገብታለች። ጀርመን የላትም፤ ጠባብ የመጥቀስ መብት ነው ያላት። ስለዚህ የት ሆነህ እንደምትጽፍም ለውጥ ያመጣል።

የጌም ስክሪንሾት ላይ በግልጽ የተሰጠ ፍርድ ብሊም በሚባል ድርጅት ጉዳይ ይገኛል። ብሊም የፕሌይስቴሽን ጌሞችን በኮምፒዩተር የሚያጫውት ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አሳየ። ሶኒ ከሰሰ። በ2000 የዘጠነኛው ወረዳ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለብሊም ፈረደ። አንድ ስክሪንሾት ከሙሉ ጌም ውስጥ በጣም ኢምንት ቁራጭ ነው፤ ለገዢው ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ የሶኒን ምስል ገበያም አይወስድበትም አለ። እንግዲህ ልብ በል፤ ማስታወቂያ እንኳ እያለ ነው ያለፈው። ብሊም ግን በዓመቱ ተዘጋ፤ የጠበቃው ወጪ በላው። ልክ መሆንና ክርክሩን መቻል ለየብቻ ናቸው።

ያንተ ጉዳይ ከብሊም የተሻለ ነው። ስለምትተነትነው ነገር ነው ምስል የምታሳየው። እንደ እኔ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ምስል ይበቃሃል፤ መጠኑ አነስ ይበል። ከእያንዳንዱ ሥር ስለዚያው ምስል የምትለው ነገር ይኑር፤ ለምሳሌ ጌሙ ዘውዱን ወይም ልብሱን ከፎቶው በምን እንደለየው። የጌሙን ስም፣ ስቱዲዮውንና ዓመቱን ጥቀስ። ለጌጥ ብለህ አሥር ምስል አትደርድር፤ ያኔ መጥቀስ መሆኑ ይቀራል። ከሥሩም «በነጻ ውሰዱት» አትበል፤ ያ ሥልጣን የለህም። ባለቤቱ አቤቱታ ካቀረበ ቴሌግራም ያወርደዋል። ዩቲዩብ ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ (ስትራይክ) ቻናሉን ያዘጋል፤ ስለዚህ ቪዲዮ ልሥራ ካልክ የበለጠ ተጠንቀቅ።

የተሰረዙትን ምስሎች በሌላ ስም ወይም በሌላ ፈቃድ መልሰህ አትጫን። ይህን ደጋግሞ የሚያደርግ ሰው አካውንቱ ይታገዳል። የንግግር ገጽህ (ማከማቻው ላይ መልእክት የሚጻፍልህ ገጽ) ላይ ማስጠንቀቂያውን ለላከልህ ሰው «ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብለህ ጻፍለት፤ አብዛኞቹ በነጻ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ኮመንስን በመሰሉ ማከማቻዎች ላይ የተሰረዘ ፋይል ከሕዝብ ዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። የጌሙ ባለቤት አንድ ቀን ፈቃድ ቢሰጥ፣ የፋይሉን ስም ጠቅሰህ እንዲመለስ ትጠይቃለህ። የፋይሎቹን ስም አሁኑኑ ማስታወሻህ ላይ ጻፋቸው።